ትራክተሩ ባዶውን ይሮጣል፣ ሣር ውስጥ ሲገባ ይደክማል

[ምስል፦ ሱሉልታ፣ ጥቅምት። ትንሽ የጓሮ ትራክተር ወገብ የደረሰ ሣር ሊያጭድ ሲገባ]

ተራኪ፦ ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ሚኒሞውም (ያለ ጭነት በዝግታ ሲዞር) ደኅና ነው። ቢላው ጥቅጥቅ ካለው ሣር ጋር ሲገናኝ ግን ድምፁ ይወርዳል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ብዙ ሰው ወዲያው «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ሞተር ለማስፈታት ይነሳል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ይህን ካላያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በእጃችሁ የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ አዳምጡ። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ ቢላው ብቻ ከዘገየ ቢላውን የሚያዞረው ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ቀይሩት። ድምፁ ራሱ ከወረደ እንቀጥል።

[ምስል በቅርብ፦ የቾኩ እጀታ እስከ ግማሽ ሲሳብ]

ሞተሩ ሞቆ፣ ሣር እያጨደ ሲደክም ቾኩን (አየር የሚቀንሰውን እጀታ) ቀስ ብላችሁ እስከ ግማሽ ሳቡት። ጉልበቱ ከተመለሰ ቤንዚን አጥሮታል። ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ካወጣ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል። አንድ ብሎን ሳትፈቱ ፍለጋው በግማሽ ቀነሰ።

ቤንዚን ያጠረው ሞተር ታዲያ ባዶውን ለምን ይሮጣል? ጭነት ሳይኖር ገቨርነሩ (የፍጥነት መቆጣጠሪያው) የካርቡራተሩን (የቤንዚንና አየር መቀላቀያውን) በር በጥቂቱ ብቻ ስለሚከፍት የሚጠጣው ትንሽ ነው። ጭነት ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ያኔ በዋናው ጄት (ቤንዚን በልክ በሚያሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ) በኩል ብዙ ቤንዚን መድረስ አለበት። ግማሹ የተደፈነ ጄት ለመጀመሪያው ይበቃል፣ ለሁለተኛው አይበቃም።

ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ የከሰል ምድጃ በአካባቢው አይኑር። ሰርባቶዮው ከካርቡራተሩ በላይ ከሆነ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ፣ የሰርባቶዮው ክዳን እንደተዘጋ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ወደ ጠርሙስ አውርዱ። በደንብ ጀምሮ እየቀጠነ ወደ ጠብታ ከተለወጠ ክዳኑን ክፈቱት። ያኔ ከወረደ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል። ክዳኑ ተከፍቶም ካልወረደ ትንሿን የቤንዚን ፊልትሮ ቀይሩ፤ ቀስቷ ወደ ካርቡራተሩ ይዙር።

[ምስል በቅርብ፦ የካርቡራተሩ የታች ኩባያ፣ ነጭ ሳህን ላይ ሲገለበጥ]

ቤንዚኑ በደንብ ከወረደ የካርቡራተሩን የታች ኩባያ ፍቱ። በነጭ ሳህን ላይ ገልብጡትና ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉት። ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለለው ውሃ ነው፤ በጀሪካን ከርሞ ከተቀመጠ ቤንዚን ጋር ይመጣል። ከዚያ መሃል ላይ ያለውን የናስ ጄት በልኩ ካቻቢቴ ፍቱና ወደ ሰማይ ይዛችሁ በቀዳዳው ተመልከቱ። ክብ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አጽዱት። መርፌ አታስገቡ። ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ መቀየር ብቻ ነው።

ቾኩ ካባሰበት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ለፀሐይ አሳዩት። ወረቀቱ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት፤ በቤንዚን አትጠቡት። የሣር ብናኝ ባለበት ወቅት በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖም ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ስለ ከፍታው አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 16 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት 12 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መሥራት ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ጄት ግን በዚህ ስስ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ለከፍታ የተዘጋጀውን አነስ ያለ ጄት መግጠም ይረዳል። ያው ትራክተር ወደ መተሐራ ከወረደ የቀድሞው ጄት ይመለስለት፤ አለዚያ ቤንዚን አጥሮት ከመጠን በላይ ይግላል።

[ምስል በቅርብ፦ የማራገቢያው ሽፋን ሲነሳ፣ ሥሩ የታመቀ ድርቆሽ]

ሃያ ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ሲግል ብቻ የሚደክም ከሆነ የማራገቢያውን ሽፋን አንሱ። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል ድርቆሽ እንደ ጭቃ ታምቆ ታገኙ ይሆናል። በእንጨት ጠርጉት። ያ ንጹሕ ከሆነ የቀረው የቫልቮላ (የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በር) ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ፒስተኑ በጭመቃው ጫፍ ላይ ቆሞ ይለካል። ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰዱ፤ በብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ማስገቢያው 0.15፣ ማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። የማውጫው ክፍተት ከጠበበ ቫልቮላው ሲግል ይረዝምና መቀመጫው ላይ አይገጥምም፤ ጭመቃው ያመልጣል፣ ውሎ አድሮም ቫልቮላው ይቃጠላል። አስተካክላችሁ የካንዴላውን ገመድ መልሱና ቅድም ያቃተው ሣር ላይ ፈትኑት።