የአሳ ጫጩት ከማምጣታችሁ በፊት የወንዙን አፍ ልቀቁ

እንደምን አደራችሁ!

ክቡራን እንግዶች፣ የማህበራችን አባላት፣ ከዘጌ፣ ከደልጊና ከፎገራ ድረስ የመጣችሁ አጥማጆች፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ለአካባቢ ቀን አደረሳችሁ። ፕሮግራሙ ላይ «አጭር መልእክት ከአጥማጆች ተወካይ» ይላል። ስለ አጭርነቱ ቃል አልገባም። በየዓመቱ ግንቦት 28 ባህር ዳር ላይ እንሰበሰባለን፣ ጣና ጣና እንላለን፣ ችግኝ ተክለን ፎቶ እንነሳለን፣ የጠጣንበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ እዚሁ ጥለን እንሄዳለን። ይቅርታ፣ ግን ዝቅ ብላችሁ ከወንበራችሁ ስር እዩ።

እኔ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። አሳው የሚራባበት ቦታ ይመለስለት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ነጭ አሳ የምንለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለሙያዎቹ አንድ አሳ ሳይሆን ከ15 የማያንስ ዝርያ ነው፣ አብዛኞቹም ከጣና ውጪ በዓለም ላይ የሉም ይላሉ። ከነሱ ውስጥ በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወንዝ ይገባሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ገልዳ። ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበትና ጥሩ ውሃ በሚወርድበት ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። ይህን የማያውቅ አጥማጅ የለም፤ እንዲያውም ስለምናውቅ ነው ጣጣው የመጣው።

በዚያ ሰዓት ወንዙ አፍ ላይ ምን ይጠብቃቸዋል? መረብ። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ። ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠብቆ መዝረፍ ማለት ነው። ከመረቡ ያመለጠችውን ደግሞ ላይኛው ወንዝ ላይ ብርብራ የሚባለው ዛፍ መርዝ ይጠብቃታል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃው ላይ ሲበተን ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። ለገበያ የሚሆነው ይለቀማል፣ የቀረው ይበሰብሳል። ይህን የሚያደርገው ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም። አንዳንዱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ነው። አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል።

አጨብጭቡ እንጂ፣ ምን ያሳፍራል?

አሁን «እምቦጭ የሚባለው አረም ነው የጨረሰን» የምትሉ አላችሁ። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 አካባቢ ነው። የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የምንሰራው። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ መዘኑ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደገና መዘኑ፣ ትላልቁ ነጭ አሳ ወደ ሩብ ወርዶ አገኙት። 10 ዓመት ባልሞላ ጊዜ! ያኔ እምቦጭ የት ነበር? ለእምቦጭ አገር ተነሳ፣ ማሽን መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ ደግ ነው፣ እኔም እስከ ደረቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነቅያለሁ። በነሐሴ ጉማራ አፍ ላይ ግን አንድ ካሜራ አይቼ አላውቅም። ጭቃው ጫማ ስለሚያበላሽ ይሆን?

እስቲ የጫጩቶቹን ነገር ላንሳ። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ አንድ ድርጅት «የጣናን አሳ እናበዛለን» ብሎ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ጫጩት በፌስታል አስጭኖ መጣ። ኮፍያ ታደለ፣ ቲሸርት ታደለ፣ ድንኳን ተተከለ። ፌስታሎቹ ጠረጴዛ ስር ተደረደሩ። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። አንዱ እንግዳ ሲጨርስ ሌላው ይነሳል፣ እሱ ሲቀመጥ ደግሞ ያልመጣው እንግዳ ደብዳቤ ይነበባል፣ ፀሐይዋ ዞራ ፌስታሎቹ ላይ አረፈች፣ ጫጩቶቹ አፋቸውን ወደ ላይ እየከፈቱ ነው። «ኧረ ጌቶች፣ አሳው እያለቀ ነው» ብዬ ወደ አስተባባሪው ጠጋ አልኩ። «አባባ፣ ፕሮግራሙን አይረብሹ» አለኝ። እሺ። በመጨረሻ ወደ ዳር ወረድን። የት መሰላችሁ የለቀቁት? ደንገሉ ተመንጥሮ፣ ዳሩ በድንጋይ ተገንብቶ ለመዝናኛ የተዘጋጀ ቦታ ላይ። የቀረሶ ልጅ የሚሸሸግባት አንዲት ዘንግ እንኳ የለችም። ፔሊካኖቹ ገና ፌስታሉ ሳይፈታ ተሰልፈው ነበር፣ ፍርፋሪ የለመዱ ናቸው። ጫጩቱ ተለቀቀ፣ ተጨበጨበ፣ ፔሊካኖቹ ምሳቸውን በሉ። በኋላ ሪፖርቱ ላይ «በተሳካ ሁኔታ ወደ ሐይቁ ተጨመረ» ተብሎ ተጻፈ አሉ። ውሸት አይደለም መቼም፣ ተጨምሯል!

ቀረሶ እኮ ሰው አያስፈልገውም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ጎጆውን ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ልጆቿ ደንገልና ሳር ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። ደንገሉን ቆርጠን፣ ውሃው በሸሸበት ሁሉ እየተከተልን አርሰን፣ የሆቴሉን ፍሳሽ እዚያው ለቀን፣ ከዚያ ጫጩት በመኪና እናመጣለን። ታንኳ የሚሰሩ ወገኖቻችን እንኳ ደንገል ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀምረዋል።

ደግሞ ሰሞኑን «ቶሎ የሚያድግ የውጭ አሳ ብናስገባስ» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ወሬ ከሆነ ወሬ ሆኖ ይቅር። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ነጭ አሳ የራሱ የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የሌሉ አሳዎች ነበሩት። 17 ዝርያ። የውጭ አሳ ገባባቸው፣ ከልክ በላይም ተጠመዱ። በ2013 ዓ.ም ከ17ቱ 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ ታወጀ። አሁን እንዲህ ያለ የአሳ ቤተሰብ በዓለም ላይ የቀረው ጣና ነው ይላሉ። ይህን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ የአሳ ትምህርት የምትማር ልጅ ናት፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ መድረክ ያልተሰጣት እሷ ናት።

ሌላም ብዙ አለ። ከወንዙ አሸዋና ጠጠር ይጫናል፣ አሳዋ የምትጥልበት ያው ጠጠር ነው። በበጋ በፓምፕ ይሳባል፣ ወንዙ ይቆረጣል። ከላይ ያለው ማሳ አፈሩን ይልካል። ፎገራ ላይ እነ ሸሸርና ወለላ ረግረጎች እየታረሱ ነው፣ ክሬን የሚባሉት ወፎችም ማረፊያ እያጡ ነው። ስለ ጉማሬው ሌላ ሰው ይናገር። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃ፣ ክልል ሆኗል፣ ሰሌዳውም ተሰቅሏል። ሰሌዳው አልጎደለንም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ አፍ ላይ መረብ አይጣል። የአሳ አዋጅ በ1995 ወጥቷል፣ ወረቀት አላነሰንም፤ ያነሰን ጀልባና ነዳጅ ይዞ የሚያድር ጠባቂ ነው። ለነዚያ 3 ወራት ደግሞ አጥማጁ ልጆቹን በምን ያበላል? መልስ ስጡት። ለእምቦጭ ነቀላ የቀን አበል ሲከፈል አይተናል፣ ለወንዝ ጥበቃስ ለምን አይከፈልም? የድንኳንና የቲሸርቱ ወጪ ብቻ ስንቱን ጠባቂ ያሳድር ነበር! ሁለተኛ፣ ዳሩ ላይ ደንገል የነቀለ ሁሉ፣ ሆቴልም ሆነ ገበሬ፣ መልሶ ይትከል። ደንገሉ ሳይመለስ ጫጩት ይዞ የሚመጣን እኔ አልቀበልም።

የማህበራችን ጸሐፊ በሩ አጠገብ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ዘንድሮ ክረምት ጉማራ አፍ ላይ ተራ ገብቶ ለማደር ፈቃደኛ የሆነ ከምሳ በፊት ይመዝገብ። ቢሮ ያላችሁም ትችላላችሁ፣ ቦቲ ጫማ እናውሳለን።