ለተሰረቀ ዘፈን 100,000፣ ለሞተ ልጅ 1,000

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ።

አንድ ሰው "ፍርድ ቤት ረታሁ" ሲል እንኳን ደስ አለህ እንላለን አይደል? እኔ አሁን አሁን ቶሎ ብዬ የምጠይቀው "ምን ተፈረደልህ?" ብዬ ነው። አጥፊውን መለየት አንድ ነገር ነው። ዳኛው "አዎ፣ ተበድለሻል" ካሉ በኋላ ግን በደሉ በምን ይካስ? በስንት? ሕጉ ለዚህ ሁልጊዜ ቁጥር አይሰጥም። እንዲህ ሲሆን ዳኛው የሁለቱንም ወገን ሁኔታ አይተው፣ አመዛዝነው፣ ለኅሊናቸው የሚገባውን ይወስናሉ። ይሄ ነው ርትዕ የሚባለው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮ የበታች ዳኛ ፍርድ አልዋጥ ያለው ሰው እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ "አቤት!" ይል ነበር። እንግሊዝ አገርም በመደበኛው ፍርድ ቤት መፍትሔ ያጣ ሰው ለንጉሡ ያመለክት ነበር፤ ንጉሡ ወደ ከፍተኛ ባለሥልጣናቸው፣ ወደ ቻንስለሩ ይመሩታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የቻንስለሩ ቢሮ ራሱን የቻለ የርትዕ ፍርድ ቤት ሆኖ አረፈው። እኛ ለብቻው ፍርድ ቤት አላቆምንለትም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ርትዕን እዚያው አንቀጾቹ መሀል አስገባው። አንዳንዱ ቦታ ለዳኛው በሩን ይከፍታል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ዛሬ የማወራው ስለዚህ መከፈትና መዘጋት ነው።

አንዲት ጎረቤቴ አሉ፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጡ ነበር። ሚኒባስ ገጭቷቸው እግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ማለት አልቻሉም። ክስ መሠረቱ፤ እኔም ቀጠሮ ሲኖራቸው አብሬ እሄድ ነበር። ተጠያቂው ማነው የሚለው ብዙ አላስቸገረም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ክርክሩ የጦፈው ገንዘቡ ላይ ነው። ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ "ገቢያቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረቡም" አለ። እውነቱን ነው፣ አላቀረቡም። ጉሊት ላይ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል?

እዚህ ላይ አንቀጽ 2102 ይመጣል። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው የነገሩን የተለመደ አካሄድ አይተው በርትዕ ይቁረጡ ይላል። ደስ የሚለው ደግሞ ዳኛዋ ዝም ብለው ቁጥር አልጠሩም። የዕቁብ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ እንዲቀርብ ተደረገ። በሳምንት 500 ብር፣ አንድም ሳምንት ሳይዘለል፣ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። "ይህን ያህል ዕቁብ የምትጥል ሴት ቢያንስ ይህን ያህል ታገኛለች" ብለው ከዚያ ተነስተው አሰሉ። ቁጥሩ የግምት ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ ይግባኝ የሚል ሰውም የሚሞግተው ነገር አለው።

ሁሌ እንዲህ አይደለም ታዲያ። "ፍርድ ቤቱ በርትዕ ይህን ያህል ብር ይገባል ብሏል" ብሎ ዝግት የሚያደርግ ውሳኔ አንብቤአለሁ። ለምን ያ ቁጥር? ለምን እጥፉ አልሆነም? መልስ የለም። ርትዕ መጋረጃ ሲሆን ያናድደኛል።

ወደ ተዘጋው በር ልምጣ። አንቀጽ 2116። የሞራል ካሳ። ልጇን መኪና የገደለባት እናት ለሐዘኗ የምታገኘው ካሳ ማለት ነው። አንቀጹ መጀመሪያ ላይ ዳኛው በርትዕ ይወስናል ይላል፣ እሰየው ትላላችሁ፤ ወረድ ስትሉ ግን "በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም" ይላል። አንድ ሺህ! በወጣበት ዘመን 1,000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር፣ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የምንዛሪው ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሕጉን የነካው ሰው የለም፤ ብሩ ነው ከሥሩ የሟሸሸው።

የባሰውን ልንገራችሁ። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ መብቱ የተጣሰበት የጥበብ ሰው የሚያገኘው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም ይላል። አያንስም! ለዘፋኙ መነሻው መቶ ሺህ፣ ለእናቲቱ ጣሪያው አንድ ሺህ። ዘፋኞች ላይ ቅናት የለኝም፣ ሲያንሳቸው ነው። ግን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ምን ይላል?

ጣሪያው የተቀመጠው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባኛል። ሐዘን በብር አይለካም፤ አንዱ ዳኛ አምስት ሺህ፣ ሌላው አምስት ሚሊዮን እንዳይሉ ተፈርቶ ይመስለኛል። ስጋቱ እውነት ነው። ግን እኮ ያው ሕግ በ2102 የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ገቢ ለዚያው ዳኛ አምኖ ሰጥቷል። ገቢ ላይ የታመነ ዳኛ ሐዘን ላይ የማይታመነው ለምንድነው? ጣሪያው ይነሳ፣ በምትኩ ዳኛው ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት እንዲጽፉ ይገደዱ ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ በሩ ሁሉ ይከፈት እያልኩ አይደለም። አንቀጽ 1763 ዳኛ ውልን በርትዕ ስም እንዳይለውጥ ይከለክላል፣ ሕግ ለይቶ ካልፈቀደ በስተቀር። ዋጋ ጨመረ ብሎ ውሉን ዳኛ እንዲያስተካክልለት የሚሮጥ ነጋዴ አይጠፋም። እኔ እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር ነኝ። ተዋዋዮቹ ራሳቸው ይደራደሩ፤ ዳኛ ውል መጻፍ ከጀመረማ ማን በፊርማው ያምናል?

ደግሞ መፍትሔ ሁሉ ብር አይደለም። ጎረቤትህ መሠረት ሲቆፍር ግድግዳህ ሊናድ ከሆነ፣ እስኪናድ ጠብቀህ ካሳ መጠየቅ የለብህም። አንቀጽ 2121 ዳኛው ድርጊቱን እንዲያስቆሙ ይፈቅዳል። ሁለት ነገር ግን ማሳየት አለብህ፤ ድርጊቱ ሊፈጸም እንደሚችል የሚያሳምን በቂ ምክንያት እንዳለና ጉዳቱ በገንዘብ የማይጠገን እንደሆነ። ስንቱ ሰው ይህን ሳያውቅ ፍርስራሽ ፎቶ አንስቶ ይመጣል።

ስለ ማስረጃ ለጻፋችሁልኝ፤ ደረሰኝ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የዕቁብ ደብተር፣ የባንክ ወይም የቴሌ ብር ዝርዝር፣ ዕቃ የሚያስረክባችሁ ጅምላ ነጋዴ፣ ሁሉም ይጠቅማል። የሞራል ካሳውን ግን 1,000 ብር ብላችሁ ጻፉት። ከዚያ በላይ ብትጠይቁ አይፈረድላችሁም፤ የዳኝነት ክፍያው ግን በጠየቃችሁት ልክ ይታሰብባችኋል።