«ትንሽ ትንሽ» አትበሉ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሮተርዳምም ከኽሮኒንገንም በማለዳ ባቡር ተሳፍራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሥራ ክንውኑን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ ዓመቱን ሙሉ ስልኬን ሲያስጮኸው ለከረመው ጥያቄ ላውለው፤ «ሆላንድኛ የት ልማር?»

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትምህርት ቤት ጋር ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ለምን እዚያ ገባችሁ ስል መልሱ አንድ ነው፤ ለቤቴ ይቀርባል። እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሁለት ዓመት ባዶ ቦታ ስሞላ ከርሜ አንድ ቀን በስልክ «ሃልፍ ድሪ» ተብዬ ተቀጠርኩ። «ድሪ» ሦስት፣ «ሃልፍ» ግማሽ፤ ሦስት ተኩል ነው ብዬ ስደርስ ቢሮው ቀጠሮዬን ሰርዞታል። ለካስ ሆላንዶች ሦስት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው እንዲህ የሚሉት! በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ጽሑፉን አውቄው ነበር፤ ጆሮዬ ግን አልተማረም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ለመቀመጥ ጠይቁ። መምህሩ ብቻውን የሚናገርበት ክፍል ከሆነ ቅርበቱ አያታልላችሁ።

ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኢንቡርኸሪንግ፣ ማለትም አዲስ መጤው ቋንቋውንና አገሩን ተምሮ እንዲፈተን በሚያዘው ሕግ መሠረት፣ ጥገኝነት ላገኘ ሰው ትምህርቱን የሚያቀርብለት ኸሜንተው፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ነው። በትዳር የመጣ ግን ራሱ መርጦ ራሱ ይከፍላል፤ ካልቻለ ዱዎ ከሚባለው የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት ይበደራል። በብድሩ የሚማረው ብሊክ ኦፕ ቨርክ የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው የጥራት ማረጋገጫ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ማረጋገጫው መኖሩ ደግ ነው፤ ክፍሉ ለእናንተ ይስማማ አይስማማ ግን አይነግራችሁም። ፈተናውን ለማለፍ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ስለሆነ የተሳሳተ ክፍል ውስጥ የሚባክን ወር ያስቆጫል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። ኸሜንተው ጠርቶ ስለ ትምህርታችሁና ስለ ሥራችሁ ይጠይቃል፤ የመማር አቅማችሁንም ይፈትናል፤ ከሦስቱ የትምህርት መንገዶች በየትኛው እንደምትሄዱ የሚወሰነው ከዚያ ነው። እዚያ ላይ ጨዋነታችን ይጎዳናል። ዳዊት የደገመ፣ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው «ማንበብ ትችላለህ?» ሲባል አንገቱን ደፍቶ «ትንሽ ትንሽ» ይላል። ጠያቂዋ ትሕትና መሆኑን በምን ታውቃለች? የሰማችውን ትጽፋለች፤ እሱም እርሳስ አያያዝ ከሚለማመዱት ጋር ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሆላንዶች «አንደርስ ኸአልፋቤቲሴርት» የሚል ቃል አላቸው፤ በሌላ ፊደል የተማረ ማለት ነው። የላቲኑን ፊደል ከለመደ በኋላ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ቃሉን ጽፋችሁ ያዙት፤ የትምህርት ማስረጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። የማይችሉትን እችላለሁ ማለትም ያስከፍላል፤ እሱ ግን በእኛ ዘንድ ብዙም አላየሁም።

የሌሊት ሥራ ያላችሁ የጠዋት ክፍል አትውሰዱ፤ ወንበር ላይ ተኝቶ የተማረ አላየሁም። በክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቁ። ሰዋስዉንም አትፍሩት፤ ሆላንድኛ በጥገኛው ሐረግ ውስጥ ግሱን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ሲሰቃዩ፣ እኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጠበቅ ከእናታችን ቤት የለመድነው ነው።

ከምሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ፈተናውን ያለፉ ሦስት እህቶቻችን ይቀመጣሉ። የኸሜንተውን ደብዳቤም ሆነ የትምህርት ቤት ውል አምጡላቸው፤ ያልተፈረመ ቢሆን ይመረጣል። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ጸሐፊያችን ወደ መድረክ ይምጡልን።