ነዳጅ ባሕር ላይ ሲፈስ ቅሬው የማን ነው?

ሰላም ጀማው! ዛሬ ከደሴ ተነስተን ባሕር እንገባለን። አትሳቁ! ኮምቦልቻ ማደያ ላይ የምትሰለፉለት ነዳጅ በየት የመጣ መሰላችሁ? በቀይ ባሕር፣ በጂቡቲ ነው።

ሴፈር የምትባል አሮጌ መርከብ ነበረች። የመን ጠረፍ አጠገብ ቆማ፣ ሆዷ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ። ከ2015 ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ጥገና ቀረና ዝገት በላት። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ይሄ ነዳጅ ባሕር ላይ ቢፈስ ማን ይደርሳል? እስኪ ቅሬን፣ የወሎውን የቀብር እድር፣ አስቡ። ወሎ ተወልዶ ቅሬ የማያውቅ ካለ ኮመንት ላይ ይናዘዝ። ሰው ሲሞት ጠሪው ይዞራል። ድንኳኑ አለ፣ ብረት ድስቱ አለ፣ አግዳሚው አለ። ለምን አለ? ማንም ሳይሞት ስለተዋጣ! ማን ይቆፍራል፣ ማን ውሃ ይቀዳል ተብሎ ያኔ አይመከርም፤ የታወቀ ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ይመጣል። የቀረ ይቀጣል። «ላሜ ጠፍታ ነው» ብሎ ነገር የለም!

የባሕሩም እንደዚያው ነው። በ1990 የተፈረመ ስምምነት አለ፦ የፈረመ አገር ሁሉ ቀድሞ እቅድ ያዘጋጅ፣ ፍሳሽ ያየ መርከብ ቶሎ ይናገር፣ የተጠራ አቅሙ በፈቀደ ይርዳ። ካሳው? መጀመሪያ የመርከቡ ኢንሹራንስ፤ ካልበቃ ነዳጅ ተቀባይ ኩባንያዎች ለአባል አገሮች ያዋጡት ፈንድ። የቀይ ባሕር አገሮችም ባሕራቸውን አብረው ለመጠበቅ ከ1982 ጀምሮ የጂዳ ስምምነት አላቸው። አለቀ።

ግን ያልመጣን የሚቀጣ የለም። እዚህ ላይ ቅሬያችን ይበልጣል! ለሴፈር የተባበሩት መንግሥታት ስንት ጊዜ ለመነ፤ ከተራ ሰው ሳይቀር አሰባሰበ። ሬሳ ቤት ተኝቶ መዋጮ ማለት ይሄ ነው። በ2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ፣ ተመስገን።

ደግሞ «ሳሙና ነገር ቢረጩበት አይጠፋም?» ያላችሁ ብዛታችሁ! ኧረ ቆይ። ይኸው ብርጭቆ ውሃ። ዘይት ጠብ አደረግሁ። አሁን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ... ላማስለው። ከላይ ዘይት የለም፣ አይደል? ውሃውን እዩት፤ ደፈረሰ። አልጠፋም! ደቆ ወደ ታች ወረደ። ባሕር ላይ የሚረጨው ኬሚካልም ሥራው ይሄው ነው። ወፎቹ ይተርፋሉ፣ የደቀቀውንም ባክቴሪያ ቶሎ ይበላዋል። ታች ያለው ኮራል፣ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ግን ሊመረዝ ይችላል። ቀይ ባሕር ደግሞ ኮራል በኮራል ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ አይረጭም፤ ባለ ባሕሩ አገር ይፈቅዳል። ነፋስ ድንበር አያውቅምና ጎረቤትም ቢጠየቅ ደግ ነው።

«ቢያቃጥሉትስ?» ያላችሁትን ለሚቀጥለው ቪዲዮ ይዤዋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ መዋጮ አይደለም፣ በነጻ ነው!