አትላንቲስ ካረፈች በኋላ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። የዛሬው ጉዳያችን የስፔስ ሸትል፣ ማለትም ወደ ጠፈር ይመላለሱ የነበሩት የአሜሪካ መንኩራኩሮች (ኮሎምቢያ፣ ቻሌንጀር፣ ዲስከቨሪ፣ አትላንቲስና ኤንዴቨር) መጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ «አረጁ፣ ጡረታ ወጡ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ፕሮግራሙን የጨረሰው በአንዱ በረራና በቀጣዩ መካከል መሬት ላይ የሚሠራው ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ከታይሎቹ፣ መንኩራኩሯን ከሙቀት ከሚከላከሉት ጡቦች እንጀምር። የመንኩራኩሯ ገላ አሉሚኒየም ነው፤ ከ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሞቅ አይፈቀድም። ወደ ምድር ስትመለስ ግን ሆዷ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። ይህን የሚችሉት ከ20 ሺህ በላይ የሲሊካ ታይሎች ናቸው። ዘጠና በመቶ የሚሆነው ውስጣቸው አየር ስለሆነ እንደ ቡሽ ይቀላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽና ቁጥር ስላለው የአንዱን ቦታ ሌላው አይሞላም። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ታይሉ በቀጥታ ቢለጠፍበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመካከል ኖሜክስ ከሚባል ሙቀት ከሚችል ክር የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ ይገባል፣ በሲሊኮን ሙጫም ይያዛል።

ታይል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ዝናብ ከገባበት ይከብዳል፤ ጠፈር ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ ይፈረካክሰዋል። ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርገው ኬሚካል በመልስ ጉዞው ሙቀት ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሠራተኞች የመተንፈሻ ጭንብል አጥልቀው በየታይሉ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ኬሚካሉን እንደገና ይወጋሉ። አንድ በአንድ! መጀመሪያ ሲታቀድ ለጠቅላላው ዝግጅት የተያዘው 160 የሥራ ሰዓት ነበር። በተግባር ከተመዘገበው ሁሉ ፈጣኑ በ1985 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አትላንቲስ ከአንዱ መወንጨፍ እስከ ቀጣዩ የወሰደባት 54 ቀን ነው።

አደጋዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጥር 1986 ላይ የቻሌንጀር የጎን ሮኬት መገጣጠሚያ ጎማ በብርዱ ደርቆ ጋዝ አሳለፈ፤ 73 ሴኮንድ ላይ ሁሉም አበቃ። በ2003 ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ፣ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ የፎም (ታንኩን የሚሸፍን ስፖንጅ መሰል ነገር) ቁራጭ የኮሎምቢያን የግራ ክንፍ ጫፍ በሳ፤ ስትመለስም ትኩስ ጋዝ በዚያ ገባ። በሁለቱ አደጋዎች አሥራ አራት ሰዎች አለቁ። ጥር 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ የጠፈር ጣቢያው ግንባታ ሲያልቅ በረራው እንደሚቆም አሳወቁ።

ከዚያ በኋላ ወደኋላ መመለሻ አልነበረም። የዕቃ አቅራቢዎች ውል መቋረጥ የጀመረው ከመጨረሻው በረራ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እያንዳንዱ በረራ ደግሞ አዲስ ታንክ ይፈልጋል፤ ታንኩ አንዴ ብቻ ያገለግላል። «ጥቂት በረራ ይጨመር» የሚሉ ሰዎች ሲነሱ ማምረቻው ተዘግቶ ነበር።

ሐምሌ 2011 አትላንቲስ ለ135ኛው በረራ ስትነሳ የያዘችው አራት ሰው ብቻ ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ብትጎዳ የምትታደጋቸው ሌላ መንኩራኩር አልተዘጋጀችም። አደጋ ቢደርስ ጣቢያው ላይ ቆይተው በየተራ በሩሲያው መንኩራኩር በሶዩዝ ይመለሱ ነበር። የሶዩዝ መቀመጫ ንጣፍ የሚሠራው በእያንዳንዱ ሰው ገላ ልክ ስለሆነ ለአራቱም አስቀድሞ ተሠርቶላቸዋል።

ሐምሌ 21 ጎህ ሳይቀድ ፍሎሪዳ በሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል አረፈች። ሙዚየም መግባት ግን ማቆም ብቻ አይደለም። የምህዋር ሞተሮቹ ነዳጅ፣ ሞኖሜቲል ሃይድራዚንና ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ፣ ሁለቱም መርዝ ናቸው፤ ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ። ታንኩን ማራገፍ አይበቃም፤ ቅሪቱ ቫልቭና ቧንቧ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎችና የአፍንጫው ክፍል ተፈትተው ኒው ሜክሲኮ ወደሚገኘው ዋይት ሳንድስ ሄዱ፤ እዚያ የተበከለው ዕቃ ወጥቶ፣ ባዶ ሆነው ተመልሰው ተገጠሙ። ዛሬ ዲስከቨሪ ቨርጂንያ፣ አትላንቲስ ፍሎሪዳ፣ ኤንዴቨር ሎስ አንጀለስ ናቸው።

ከኋላቸው የምታዩት ትልልቅ የሞተር አፍ ግን ለዕይታ የተሠራ ነው። እውነተኞቹን ናሳ ለአዲሱ ሮኬቱ አስቀራቸው። ኅዳር 2022 ወደ ጨረቃ የተላከው የናሳ በረራ አርቴሚስ 1 ሲወነጨፍ በሸትል የበረሩ አራት ሞተሮች ገፉት። ሥራቸውን ጨርሰውም ከሮኬቱ ጋር ፓሲፊክ ውቅያኖስ ገቡ። ከምህዋር ሲመለሱ ተፈትተው፣ ተፈትሸው፣ እንደገና የተገጠሙ ሞተሮች ናቸውና ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። የቀሩት አሮጌዎቹም በቀጣዮቹ በረራዎች እንደዚያው ይጣላሉ፤ ሲያልቁ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብለው በቅናሽ የሚሠሩ አዲሶች ይተኳቸዋል።