ዘንድሮ ኮፈን ተከፍቶ ይታይ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዘንድሮ ላንቻ አውሬሊያ ቢ20 ስለምትባለው የድሮ የጣሊያን መኪና ላጫውታችሁ ነው። ስለምወዳት ነው ያነሳኋት። ደግሞም መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ቱሪን ነው። ቪንቼንዞ ላንቻ ፋብሪካውን ያቋቋመው በ1906 ነበር። ሰውዬው ሌላው የሠራውን መድገም አይወድም። በ1922 ያወጣት ላምብዳ ሻሲና ቦዲዋ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚያስብ ብዙ አልነበረም። በ1937 አረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጁ ጃኒ ቦታውን ያዘ፤ የአባቱንም ድፍረት አልጣለም።

ጃኒ በሙያው አንቱ የተባሉ ሰዎች ነበሩት። አንዱ በአልፋ ሮሜዮ የእሽቅድድም መኪኖች ስሙ የገነነው ቪቶሪዮ ያኖ ነው። እኔ ግን ዛሬ በደንብ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮን ነው። ስድስት ሲሊንደር ሦስት ሦስት አድርጎ በቪ ቅርጽ መደርደር ያኔ አስቸጋሪ ነበር። ሞተሩ ያጥራል፣ ይቀላል፤ ግን ይንቀጠቀጣል። ዴ ቪርጂሊዮ በጦርነቱ ዓመታት ይህን ንዝረት በስሌት ሲያሳድድ ቆየ። መልሱ ሁለቱን ረድፎች በ60 ዲግሪ ማራራቅና ስድስቱም ፒስቶኖች ኮሎው ላይ፣ ማለትም በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ፣ የየራሳቸው መያዣ እንዲኖራቸው ማድረግ ሆነ። በዚህ መንገድ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፍንዳታ እኩል እየተከፋፈለ ይመጣል። በ1950 ባለ አራት በሯ አውሬሊያ ስትወጣ፣ ቪ6 ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በተከታታይ ተመርቶ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ቪ6 የሌለበት አገር የለም።

ሞተሩ ብቻ አይደለም። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል አንድ ላይ ከኋላ ተቀምጠዋል። የኋላ ፍሬኑም ጎማው ጋ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ከዲፍረንሻሉ አጠገብ ነው። አህያ የጫነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ መንገዱ አያልቅም። አውሬሊያ ሞተሯን ከፊት፣ ካምቢዮዋን ከኋላ አድርጋ ክብደቷን አስታረቀችው።

እዚህ ላይ መካኒኮቻችን ጆሮ ይስጡኝ። ፍሪሲዮኑ ከኋላ ስለሆነ፣ ከሞተሩ የሚነሳው ረጅም ዘንግ ሁልጊዜ በሞተሩ ፍጥነት ነው የሚሽከረከረው። መኪናዋ ቆማ፣ ማርሽ ሳይገባም ይዞራል። ዘንጉ ትንሽ ከተዛባ ወይም የላስቲክ መጋጠሚያዎቹ ካረጁ፣ ንዝረቱ ወንበር ድረስ ይሰማል። ፍሬኑን ለመጠገንም ከሥር መግባት ግድ ነው። ይህን ሥራ ያለ ትዕግሥት የሚሞክረው ሰው አይበረክትም።

ቢ20 በ1951 መጣች። ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ እስከ ኋላ በአንድ መስመር የሚወርድ። ቅርጿ ጊያ በሚባለው ቦዲ ሠሪ ቤት ተጀምሮ፣ ሌላው ቦዲ ሠሪ ፒኒን ፋሪና ዘንድ ነው የጎለመሰው። ሞተሯ ሁለት ሊትር አይሞላም፤ ጉልበቱም 75 ፈረስ ብቻ። አሁን ለምናየው መኪና ትንሽ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ጆቫኒ ብራኮና ኡምቤርቶ ማሊዮሊ በሚሌ ሚሊያ ውድድር ላይ አሰለፏት። ከብሬሻ ሮም፣ ከሮም ብሬሻ፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በተራ መንገድ ነው። ሁለተኛ ወጡ! የቀደማቸው የቪሎሬሲ ፌራሪ ነው፤ ሞተሩ ከ4 ሊትር በላይ፣ ልዩነቱ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል። በ1952 በሲሲሊው ታርጋ ፍሎሪዮ ፌሊቼ ቦኔቶ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውንም አውሬሊያዎች ያዙት። በ1954 ሉዊ ሺሮን የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈባት።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ዋንጫው አይደለም። ይህችው መኪና ሁለት ሰውና ሻንጣቸውን ይዛ የአልፕስን ተራራ ታቋርጣለች፤ የተሳፈረባት ሰው ወገቡን ሳያመው ይወርዳል። ግራን ቱሪስሞ ለሚባለው የመኪና ዘር ከጦርነቱ በኋላ መልኩን የሰጠችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

እንከን አልነበራትም አልልም። መጀመሪያ የተሠሩት መኪኖች ኩርባ ላይ ከመጠን ሲታለፍባቸው ኋላቸው በድንገት ይከዳል። በ1953 ሞተሩ ወደ 2.5 ሊትር፣ ጉልበቱ ወደ 118 ፈረስ አደገ። በ1954 ደግሞ የኋላ እግሯ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ዘንግ በሚያያይዘው፣ ዴ ዲዮን በሚባለው አሠራር ተቀየረና ጠባይዋ ተስተካከለ። ምረጥ ብትሉኝ ያቺን የአራተኛውን ዙር ምርት ነው የምመርጠው።

ይህ ሁሉ ጥራት ግን ኪስ ይጎዳል። የፎርሙላ 1 ወጪም ተጨመረበት። በ1955 ላንቻ የውድድር መኪኖቹን ለፌራሪ አስረከበ፤ ቤተሰቡም ፋብሪካውን ለቀቀ። ቢ20 በ1958 ምርቷ ሲቆም፣ በጠቅላላው የተሠሩት 4,000 አይሞሉም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በየዓመቱ ግቢው ውስጥ ሴቼንቶውም ቮልሱም ተወልውሎ፣ ላሜራው ተቃንቶ፣ ኒኬሉ አብርቶ ይቆማል። ደስ ይላል። ግን ኮፈን የሚከፍት ጥቂት ነው። ወጣቶቹ ዞረው ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ከዛሬ ጀምሮ በማሳያችን ላይ ኮፈን ክፍት ይሁን። ባለቤቱ ወይም መካኒኩ አጠገቡ ይቁምና ያስረዳ። ጋሼዎቻችን፣ ካርቡራቶር በጆሮ የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ፤ እጃችሁ የሚያውቀውን ቁጭ ብላችሁ ንገሩን፣ ልጆቹ ይጻፉት። ለዚህ የሚሆን ደብተር በየመኪናው እንዲኖር ሐሳቡን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

ከሻይ በፊት የሂሳብ ሪፖርት እንሰማለን፤ በሐሳቡም ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ከምሳ በኋላ ሁላችንም ግቢ እንወጣለን። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።