ለአምስት ብር ብለህ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ የቤቴን መስኮት ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ነው። ቀን ላይ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ከበራችን ፊት ለፊት የሚያልፉት ባጃጆች እግረኛ ባዩ ቁጥር ክላክስ ስለሚያደርጉ፣ የእኔ ድምፅና የእነሱ ጥሪ እየተደባለቀ አስቸገረኝ። ስለ ጥቃቅን ብስጭቶች ሊናገር የተቀመጠ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት መበሳጨቱ ለነገሩ ባይከፋም፣ እናንተ ግን ምንም ሳታጠፉ ያንን ጩኸት ልትሰሙ አይገባም ብዬ ሌሊቱን መረጥኩ።

የዛሬውን ነገር ያነሣሣው ባለፈው ቅዳሜ የገጠመኝ ነው። ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በባጃጅ ሄድኩ፤ ሒሳቡ 15 ብር ነበርና ስወርድ 20 ብር ሰጠሁ። ሾፌሩ፣ ዕድሜው ከሃያ ሁለት ወይም ከሃያ ሦስት የማይበልጥ ወጣት፣ ብሩን ተቀብሎ ከመሪው አጠገብ ባለች ክፍት ሳጥን ውስጥ ወሸቀና ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ዝርዝር የለኝም፣ ጋሼ» አለኝ። ሳጥኗ ውስጥ ግን ለሁለት የታጠፉ ባለ አምስት ብር ኖቶችና ቢያንስ እፍኝ የሚሞላ የአንድ ብር ሳንቲም ነበረ። እኔም አየሁ፤ ማየቴንም እሱ አየ። አንድ እግሬን መሬት፣ አንዱን ባጃጁ ላይ አድርጌ ለአፍታ ዝም ብዬ ቆምኩ። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ፣ ፊቱን እንኳ ያላየሁት ሰው፣ «ወንድሜ፣ ለአምስት ብር ብለህ ነው ይህን ሁሉ ሰው የምታቆመው?» አለ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ። ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ የእኔ፣ ይቅርታውም የእኔ ሆነ።

ያቺ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣችም፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ሾፌሩን «ለአምስት ብር ብለህ ነው የምትዋሸው?» ብሎ አልጠየቀውም። አምስት ብር ለወሰደው ሰው ትንሽ አይደለችም፤ ትንሽ የምትሆነው ለጠየቀው ብቻ ነው። ጥቃቅን ብስጭት የምንላቸው ነገሮች ሁሉ እንዲህ የተሠሩ ይመስለኛል፤ አጥፊውን ከማሳፈር ይልቅ «ለምን?» ያለውን ሰው ያሳንሳሉ። መሠረታቸውም ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ሥጋት የተወለደ ስለሆነ፣ ሥጋቱ ያለበት ሰው ሁልጊዜ ከፋይ፣ የሌለበት ደግሞ ሁልጊዜ ተቀባይ ይሆናል። እኔ ይሉኝታን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ያኖረ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የአንዱ ወገን ይሉኝታ ለሌላው ወገን ቋሚ ገቢ ሲሆንበት ማየት ያንገበግበኛል።

ከባጃጁ ወርጄ ወደ ዓሣ ገበያው ስገባ ኪሴ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ሳንቲም አውጥቼ በእጄ አገላበጥኳት። 2002 የሚል ዓመት የተጻፈባት፣ ሁለት ቀለም ያላት የአንድ ብር ሳንቲም ነች፤ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በኩል ሚዛን አለባት። ስንት ዓመት ሙሉ በእጄ ስትመላለስ ሚዛኑን አስተውዬው አላውቅም ነበር። መልስ በተከለከልኩበት ማለዳ ማየቴ ግን ከሐይቁ ዳር ብቻዬን አሳቀኝ።

ሳቄ አልቆየም፤ ዓሣ ሻጮቹ ዘንድ ወረፋ ነበር። ቆሮሶ ለመግዛት ከአምስት ሰዎች በኋላ ቆምኩ። ተራዬ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረኝ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት በጎኔ አልፈው «ልጠይቅ ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ዋጋ ጠየቁ፤ ቀጥሎ ትኩስ መሆኑን ጠየቁ፤ ቀጥሎ ሁለቱን እንዲያጸዱላቸው ጠየቁ፤ በመጨረሻም ከፍለው ሄዱ። በእውነትም ከመጠየቅ በቀር ምንም አላደረጉም። «እማማ፣ ወረፋ አለ» ለማለት አፌን ስከፍት የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝና መልሼ ዘጋሁት። ከወዲያ በኩል ደግሞ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራና ረጃጅም አሞሮች፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወር ድረስ እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ለካ ሥነ ሥርዓት ያላቸው እነሱ ናቸው ብዬ ላመሰግናቸው ስል፣ አንድ ቁራጭ ተወረወረና ሁሉም እርስ በርሳቸው ተረጋገጡ። ምስጋናዬን መለስኩ።

ስለ ስልክ ካላነሣሁ ግን ይህ ክፍል ጎዶሎ ይሆናል። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ አጭር መንገድ ነው፤ ነገር ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ወጣት ቲክቶክ ከከፈተና ማዳመጫ ካልሰካ መንገዱ ይረዝማል። ቪዲዮው ሲያልቅ በራሱ እንደገና ስለሚጀምር፣ ልጁ አስተያየቶቹን አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ የአንዲትን ሴት ሳቅ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ሰምቻለሁ። በሰባተኛው ላይ መቼ ትንፋሿን እንደምትወስድ ሳይቀር አውቄው ነበር። ለምን እንደሚያበሳጨኝ ራሴን ስጠይቅ ግን መልሱ ቀላል አልሆነልኝም፤ ሾፌሩም እኮ ከዚያ በላይ ድምፅ አድርጎ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፤ እሱ አላስቆጣኝም። የሾፌሩ ዘፈን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የሁላችንም ነው፤ ካልተስማማንም «ቀንስልን» ማለት እንችላለን። የስልኩ ድምፅ ግን የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ሁላችንም ቁራጩን እንድንሰማ ያስገድደናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሎረን ኤምበርሰንና ባልደረቦቿ «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው የጥናት መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው የሁለት ሰዎችን ሙሉ ንግግር ከሚሰማ ይልቅ የአንዱን ወገን ብቻ ሲሰማ ሐሳቡ የበለጠ እንደሚሰረቅ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ስለማይችል አእምሮው ሳይወድ በግዱ የጎደለውን ለመሙላት ይሠራል። ሳነበው «እንግዲያው እኔ ነገረኛ አይደለሁም» ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን፣ በዚሁ ስሌት ከሄድን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ የሁለቱንም ወገን ንግግር ለመላው ሚኒባስ የሚያሰማው ሰውዬ ባለውለታችን ሊሆን ነው። ይህን ለመቀበል ግን ገና ዝግጁ አይደለሁም።

የድምፅ መልእክትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አራት ደቂቃ የሚረዝም መልእክት ተልኮ፣ በእጥፍ ፍጥነት እያሯሯጥኩ እስከ መጨረሻው ሳደምጠው፣ ከሰላምታው፣ ከጉንፋኑና ከመብራት መጥፋቱ በኋላ የተገኘው ቁም ነገር «ነገ ስብሰባ የለም» የሚል ነበር። ሦስት ቃል! ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «9፡00» ተብሎ ሲጻፍልኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ፣ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብዬ ካልጠየቅሁ በቀር ማወቂያ የለኝም፤ ስጠይቅ ደግሞ ያልገባኝ እኔ ሆኜ እቆጠራለሁ። አሁንም ጠያቂው ነው የሚያንሰው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ባይነቅዝ ኖሮ የቅዳሜውን አምስት ብር ይዤ እስከ ዛሬ ሌሊት ባልቆየሁ ነበር። ስለዚህ ከትናንት በስቲያ መላ ዘየድኩ። ከሰፈራችን ሱቅ 50 ብር በሳንቲም አስዘረዘርኩና የኮቴን የቀኝ ኪስ ለባጃጅ ብቻ መደብኩት። ባለሱቁ «ምጽዋት ሊሰጡ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምንም አልመለስኩለትም።

በማግሥቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሬ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» አልኩና በኩራት እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ሳንቲሞቹ ከቁልፌና ከመሐረቤ ጋር ተቀላቅለው ነበርና አንድ በአንድ እየለቀምኩ በሾፌሩ መዳፍ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ ስደርስ አንዷ አምልጣኝ ከወንበሩ ሥር ገባች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከኋላችን የቆመው ሌላ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል። ከአጠገቤ የነበረች ደብተር የታቀፈች ተማሪ እግሯን አንሥታልኝ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ፣ በጣም በቀስታ፣ እንዳልሰማት ተጠንቅቃ «ለአንድ ብር ብሎ…» አለች።

ሰምቻታለሁ። ሳንቲሟን ግን አግኝቼ፣ አፈሯን በኮቴ እጅጌ ጠርጌ፣ «ዘጠኝ» ብዬ መቁጠሬን ቀጠልኩ።